የተሸጎጠው ስህተት

ጥቅምት 4

ለወንድሜ ልጅ ለሲሶ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ካለወትሮዬ ደህና ነኝ። ለጥያቄሽ መልሱ «አይመሽም» ነው። በሠላሳ አራት ዓመት ሂሳብ መጀመር አይመሽም። የመሸባት ካለች እኔ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማስተምረው ሰው ጠፍቶ፣ ጎረቤቴን ልብስ ሰፊዋን ሳትጠይቀኝ ስለ ክበብ ዙሪያ አስተምራታለሁ። ስፒል በአፏ ይዛ ስለምትሠራ ተይኝ ለማለት አይመቻትም።

በስልክ ይሁን ያልሽውን ግን ተይው። ግራ ጆሮዬ ከስልክ ጋር ከተኳረፈ ቆይቷል። ደግሞም ቁጥር በስልክ ሲነገር አየር ላይ ይቀራል፤ ወረቀት ይፈልጋል።

ደንቤን ታውቂዋለሽ፣ ግን ተማሪዬ ሆነሽ ስለማታውቂ ልድገመው። ባስተማርኩበት ዘመን ሁሉ በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ሆን ብዬ አንድ ስህተት እሸጉጥ ነበር። ያገኘው እጁን ያወጣል፣ ጠመኔውን ይወስዳል። አንድ ብቻ። ሁለት ከተገኘ አስተማሪዋ ራሷ አታውቀውም ማለት ነው። ከኋላዬ «እትዬ ሸጎጤ» ይሉኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ የማላውቅ ይመስላቸዋል። በየደብዳቤው አንድ እሸጉጥልሻለሁ፣ ፈልጊ።

ከርቢ እንጀምር። ሁለት ርቢ አምስት ማለት ሁለት በአምስት አይደለም። አምስት ሁለቶችን እርስ በርስ ማባዛት ነው፣ ሠላሳ ሁለት ይመጣል። መሠረታቸው አንድ የሆነ ርቢዎች ሲባዙ ከላይ የተሰቀሉት ትንንሽ ቁጥሮች ይደመራሉ። ስለዚህ አሥር ርቢ ሦስት በአሥር ርቢ አራት ሲባዛ አሥር ርቢ አሥራ ሁለት ይሆናል። አሥር ርቢ ዜሮ ደግሞ አንድ ነው። ለምን ብለሽ አሁን አትጨቅጭቂኝ።

እግሬንም ጠይቀሻል። ሲመሽ አላስቀምጥ ይለኛል፤ አልጋ ላይ ሆኜ እሮጣለሁ። ዶክተሩ በየምሽቱ ሃያ ሚሊ ግራም ሽሮፕ አዞልኛል። በአንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ ሁለት ሚሊ ግራም አለው፣ ስለዚህ አሥር ሚሊ ሊትር። ፋርማሲስቱ ሊያስረዳኝ አፉን ሳይከፍት አስልቼ ጨርሻለሁ።

አክስትሽ

---

ጥቅምት 13

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ማለቴ መቀመጥ አልቻልኩም እንጂ ደህና ነኝ። የእርስዎ እግር በፖስታ ይተላለፋል እንዴ?

አገኘሁት። ሦስትና አራት ሲደመሩ ሰባት እንጂ አሥራ ሁለት አይሆኑም። እርስዎ አባዝተውታል። ምሳ ሰዓት ላይ የጣሳ ክዳን ጀርባ ላይ አስልቼ ሳገኘው ጮህኩና ጓደኞቼ ጣቴን የመታሁ መሰላቸው።

ሂሳብ የጀመርኩት የቀለም ፋብሪካውን ክዳን መግጠም ጠልቼው አይደለም። ለመድኩት፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። ጣሳው ቀለም ተሞልቶ ይመጣል፣ ክዳኑን አስቀምጬ በጎማ መዶሻ መታ መታ አደርጋለሁ፣ ይሄዳል። ቤቴ ገብቼ ራት ስበላም ጣቴ ጠረጴዛውን መታ መታ ያደርጋል። ይሄን ሁሉ ዓመት ውስጡን ሳላይ ዘግቻለሁ። ቅልቅል ክፍል የሚሠሩት ግን ጣሳው ውስጥ ምን እንዳለ ያውቃሉ።

ወደ ቅልቅል ክፍል መግቢያ ፈተናው ታህሳስ 5 ነው። ርቢ፣ ለአንዱ የሚደርሰውን ማውጣት፣ ያለእኩልነት እና መለኪያ መለወጥ ይመጣል ተብሏል። የቅልቅል ክፍሉን ኃላፊ ሻለቃ እንለዋለን። ወታደር ሆኖ አያውቅም፣ አካሄዱ ነው። ልመዘገብ ስሄድ፣

«ከባድ ነው» አለኝ።

«እርስዎ አልፈውት የለ?» አልኩት።

«ሁለቴ ተፈትኜ» ብሎ ስሜን ጻፈ።

እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ያለው ዘበኛ ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን መነቅነቅ ጀምሯል።

ልጅዎ ሲሶ

---

ጥቅምት 26

ለወንድሜ ልጅ ለሲሶ፣

በመዘግየቴ ይቅርታ። የሚያሳስብሽ ነገር የለም፤ እንቅልፍ ነው። እግሬ ከተኛ ሰሞኑን እኔም አብሬው እተኛለሁ። ጠዋት ተነስቼ ፊቴን ታጥቤ ወንበር ላይ አረፍ ስል ተመልሼ እተኛለሁ። ልብስ ሰፊዋ «ያልተኙትን ዘመን እየከፈሉ ነው» ትላለች።

ፋርማሲስቱ ግን አሳቀኝ። ጥቅምት 19 አዲስ ጠርሙስ ሰጠኝ። ሥዕሉ ያው፣ ስሙ ያው፣ ከድሮው አነስ ያለ ነው፣ ክዳኑም ነጭ የነበረው ቀይ ሆኗል። ወረቀቱ ላይ «በየምሽቱ አምስት ሚሊ ሊትር» ብሎ ጽፎበታል። ሃያ ለሁለት ስንት ነው? ልጁን አስተምሬው ይሆናል ብዬ ፊቱን አየሁት። በእስክሪብቶ ሰርዤ አሥር ብዬ አረምኩት። ጠመኔውን እንኳ አልሰጠኝም።

ወደ ትምህርታችን። ሁለት ነገር ለማወዳደር ለአንዱ ስንት እንደሚደርሰው አውጪ። አንዱ ቀለም በአራት ሊትር አርባ ስምንት ካሬ ሜትር ይቀባል፤ ለአንዱ ሊትር አሥራ ሁለት። ሌላው በአሥር ሊትር መቶ አሥር ካሬ ሜትር ይቀባል፤ ለአንዱ ሊትር አሥራ አንድ። ስለዚህ ብዙ የሚቀባው ሁለተኛው ነው። በሚሊ ሊትር ከጠየቁሽ፣ አንዱ ሊትር መቶ ሚሊ ሊትር ስለሆነ በዚያው አካፍዪ። ለአንዱ የሚደርሰውን ያላወቀ ሰው ምንም አያውቅም።

ጨረስኩ መሰለኝ።

አክስትሽ

---

ህዳር 2

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ከረሙ? ሁለት አገኘሁ። ለአንዱ ሊትር አሥራ ሁለት የሚቀባው እያለ አሥራ አንዱን አስበልጠዋል፤ አንድ። ሊትር ደግሞ ሺህ ሚሊ ሊትር ነው እንጂ መቶ አይደለም፤ ሁለት። አንድ ብቻ ብለውኝ አልነበር? ደረጃዬ ከፍ ብሎ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ግን ደስታው የት እንደሄደ አላውቅም፣ ክፍሉን ስዞር አመሸሁ።

የሚያስቅ ዜናም አንድ አለኝ። ማዋለጃ ቤት ለግድግዳው ፈካ ያለ ሮዝ አዘዘ። ቀዩ ማቅለሚያ በቅርቡ ተቀይሯል፤ አዲሱ ከድሮው እጥፍ የጠነከረ ነው። ጣሳው ግን ያው፣ ሥዕሉ ያው። ቀላቃዩ የለመደውን ስኒ አንስቶ እንደ ድሮው ለካ። ግድግዳው ተቀብቶ ሲያልቅ ደም መሰለ፣ ነፍሰ ጡሮቹም አንገባም አሉ። ሻለቃ ሄዶ አይቶት መጣና ቀላቃዩን፣

«ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አላነበብክም?» አለው።

«ስኒውን እኮ አውቀዋለሁ» አለ ቀላቃዩ።

«ስኒውን ማን ጠየቀህ» አለ ሻለቃ።

ይጻፉልኝ። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ደረጃው ላይ ወድቀዋል ብላ በስልክ ነገረችኝ፤ ስለሱም እውነቱን ይንገሩኝ።

ልጅዎ ሲሶ

---

ህዳር 8

ለወንድሜ ልጅ ለሲሶ፣

እንደምን ሰነበትሽ? አዎ፣ ሁለት ነው የሸጎጥኩት። ደረጃሽ ከፍ ስላለ ነው።

ደረጃው ላይ ወድቀዋል ወይ ላልሽው፣ አልወደቅኩም። ተቀመጥኩ። ሳላስበው ተቀመጥኩ እንጂ መቀመጥ ነው። ልብስ ሰፊዋ አፏ ውስጥ ስፒል ከሌለ ይሄው ነው።

ያለእኩልነት እንማር። ምልክቷ አፏን ወደ ትልቁ ትከፍታለች፣ እንደ ሰው። በሁለቱም ወገን እኩል ብትደምሪ፣ እኩል ብትቀንሺ ፊቷን አታዞርም። በኔጌቲቭ ቁጥር ብታካፍዪም አታዞርም፤ ኔጌቲቭ ሁለት ኤክስ ከስድስት ከበለጠ፣ ኤክስ ከኔጌቲቭ ሦስት ይበልጣል። ምሳሌ ልስጥሽ። መደርደሪያው ከስልሳ ኪሎ በላይ አይችልም። አንዱ ጣሳ ሰባት ኪሎ ነው። ስምንት ጣሳ ሃምሳ አራት ኪሎ ስለሆነ ይችላል። ዘጠኝ ጣሳ ስልሳ ሦስት ነው፤ ስልሳ ሦስት ከስልሳ ስለሚያንስ እሱንም ይችላል።

እንደምን ሰነበትሽ? ፈተናሽ ጥር ላይ ስለሆነ ገና ጊዜ አለሽ፣ አትቸኩዪ።

የመድኃኒት ቤቶቹን ጉድ ስሚ። የድሮው ጠርሙስ ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር ነበር፣ ወር ሙሉ ያደርሰኛል። ይሄኛው መቶ ሃምሳ ነው፣ እሱም ላይ «ለአንድ ወር» ብለው ጽፈውበታል። ህዳር 3 አለቀ። አሥራ አምስት ቀን። ሄጄ ተጣላሁና ሌላ ሰጡኝ። ጠርሙስ አሳንሶ ወር ማሳነስ አይቻልም ብዬ ነገርኳቸው።

አክስትሽ

---

ህዳር 14

አክስቴ፣

ሰላምታውን ይለፉልኝ። ይህን ደብዳቤ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ነው የላክሁት፤ ፖስታ ቤቱን ልጠብቅ አልቻልኩም።

አራት አገኘሁ። በኔጌቲቭ ሲካፈል ምልክቷ ፊቷን ታዞራለች። ስምንት ጊዜ ሰባት ሃምሳ ስድስት ነው። ስልሳ ሦስት ከስልሳ አያንስም። ፈተናዬ ደግሞ ታህሳስ 5 ነው፣ ጥር አይደለም። እሱን ለማስተማር ብለው አልጻፉትም።

ስንቱን እንደሸጎጡ አልጠይቅዎትም። የመድኃኒት ቤቶቹን ጉድ ግን ሦስቴ አነበብኩት። ለአንዱ የሚደርሰውን ያላወቀ ምንም አያውቅም ብለውኝ የለ፣ አወጣሁት። መቶ ሃምሳ ለሠላሳ ቀን ሲካፈል ለአንዱ ቀን አምስት ነው። እነሱ የጻፉት አምስት። እርስዎ የሰረዙት አምስት። በእርስዎ አሥር ግን ጠርሙሱ በአሥራ አምስት ቀን ያልቃል፣ አለቀም። ሂሳቡ ሁለቱም ጋ ልክ ነው። ልክ ያልሆነው ሌላ ነገር መሆን አለበት ብዬ ስንቆራጠጥ የማዋለጃ ቤቱ ግድግዳ ትዝ አለኝ።

ለልብስ ሰፊዋ ደወልኩ። «ሂጂና ቀይ ክዳን ያለውን ጠርሙስ አንሺ፣ ትንንሹን ጽሑፍ አንብቢልኝ» አልኳት።

«ተኝተዋል እኮ» አለችኝ። ቀትር ላይ ነበር።

«ይተኙ፣ አንብቢልኝ።»

አነበበችልኝ። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ አራት ሚሊ ግራም። ሁለት አይደለም፣ አራት። አምስት ጊዜ አራት ሃያ ነው። አሥር ጊዜ አራት አርባ። ከጥቅምት 19 ጀምሮ የታዘዘልዎትን እጥፍ ነው የጠጡት።

ጠርሙሱን ልብስ ሰፊዋ የወሰደችው እኔ ብያት ነው፣ ከሷ ጋር አይጣሉ። ዛሬውኑ ወደ ዶክተሩ ይዛዎት ትሄዳለች። በራስዎ አይቀንሱ፣ በራስዎ አያቁሙ፣ በራስዎ አያስሉ። እሱ የሚለውን ይስሙ። ቅዳሜ እመጣለሁ።

ሲሶ

---

ህዳር 22

ለወንድሜ ልጅ ለሲሶ፣

ቅዳሜ እንዳትመጪ በመልእክት ስላስቀረሁሽ አዝነሽ ይሆናል። ብትመጪ ሁለታችንም ቁጭ ብለን እናለቅስ ነበር፣ ለፈተና አይጠቅምም።

ልብስ ሰፊዋ እንደ ቦርሳዋ ብብቷ ውስጥ ይዛኝ ሄደች። ዶክተሩ ጠርሙሱን አየ፣ የሰረዝኩትን አየ፣ እኔን አየ።

«መምህርት፣ ይሄን ማን አዘዘዎት?» አለኝ።

«ሂሳብ» አልኩት።

አልሳቀም። ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። ልኩን ወደ ቦታው መለሰው፣ በየሦስት ቀኑም ልብስ ሰፊዋ እየነዳች ታቀርበኛለች። ቀን ቀን መተኛቱ ቀርቷል። ትናንት ደረጃውን ወጥቼ ወረድኩ፣ ሳልቀመጥ።

አሁን ስላልጠየቅሽኝ ነገር ልንገርሽ። በየደብዳቤው የሸጎጥኩት አንድ ብቻ ነው። መጀመሪያ የርቢውን፣ ቀጥሎ የአሥራ ሁለትና የአሥራ አንዱን፣ ከዚያ ፊቷን የማታዞረውን ምልክት። የቀሩት የኔ ናቸው። ሁለት ነው የሸጎጥኩት ያልኩሽ ውሸት ነው፤ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የራሴን ቅጂ አውጥቼ አየሁ፣ መቶ ሚሊ ሊትር ይላል፣ በእኔ እጅ። የትኛውን እንደሸጎጥኩ፣ የትኛው አምልጦኝ እንደገባ ያኔ መለየት አቃተኝ። ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ እጄን ዘርግቼ ብዙ ተቀመጥኩ። መድኃኒት ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም፣ እኔም ጭምር። ዕድሜ ነው ብዬ፣ ለማንም እንዳልናገር ወስኜ ነበር።

ዶክተሩን «ሁሉም ይመለሳል?» ብዬ ጠየቅኩት። «ሽሮፑ ያመጣው ከሽሮፑ ጋር ይሄዳል። ሌላ ነገር ካለ እናያለን» አለ። እናያለን የሚል መልስ ለተማሪ ሰጥቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ቤቱን እዞራለሁ። አሁን እግሬ አይደለም አላስቀምጥ ያለኝ።

ነፍሱን ይማረውና ከአባትሽ ሌላ ወንድምም እህትም አልነበረኝም። ከአንቺ ሌላም የሚያርመኝ ሰው የለም። ስለዚህ አንድ ውለታ ዋዪልኝ። በሚቀጥለው ደብዳቤ አንድ ስህተት እሸጉጣለሁ። ስንት እንዳገኘሽ ጻፊልኝ። አትዘኚልኝ፣ አትደብቂኝ፣ ቁጥሩን ብቻ።

አክስትሽ

---

ህዳር 29

ለእህቴ ልጅ ለሲሶ፣

እንደምን ሰነበትሽ? መለኪያ መለወጥ የመጨረሻው ነው። ቁጥሩን ከመንካትሽ በፊት ከኋላው የተጻፈውን መለኪያ አንብቢ። እኔ ያላነበብኩትን ማለት ነው።

አንድ ሜትር መቶ ሴንቲ ሜትር ነው። ካሬ ሜትር ግን መቶ ካሬ ሴንቲ ሜትር አይደለም፤ መቶ ጊዜ መቶ፣ አሥር ርቢ አራት ነው። ሜትር ኪዩብ ሺህ ሊትር ነው፤ በሚሊ ሊትር አሥር ርቢ ስድስት።

ቀለም መሙያው በደቂቃ አንድ ሊትር ተኩል ያፈሳል እንበል። በሰዓት ዘጠና ሊትር ነው። በሴኮንድስ? ሊትር ተኩል አንድ ሺህ አምስት መቶ ሚሊ ሊትር ነው፣ ለስልሳ ሲካፈል ሃያ አምስት ሚሊ ሊትር። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጣሳ በሃያ ሴኮንድ ይሞላል። ጣሳው እንዳይፈስ ከሃያ ሴኮንድ የማይበልጥ ጊዜ ክፈቺው። እነሆ ያለእኩልነትም ገባ።

በአንዱ ሚሊ ሊትር አራት ሚሊ ግራም ያለው ሽሮፕ፣ ሃያ ሚሊ ግራም ሲታዘዝ፣ አምስት ሚሊ ሊትር ነው። ይሄን የጻፍኩት ለራሴ ነው።

ለፈተናው አትንቀጥቀጪ። ብትንቀጠቀጪም እስክሪብቶውን አጥብቀሽ ያዢ።

አክስትሽ

---

ታህሳስ 7

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ቁጥሩን ብቻ ስላሉኝ ቁጥሩን ልንገርዎት ብዬ ተቀመጥኩ። ዜሮ ነበር።

ደብዳቤው የደረሰኝ ከፈተናው ሁለት ቀን ቀድሞ ነው። እያንዳንዱን አባዛሁ፣ አካፈልኩ። ዘጠናው ልክ፣ ሃያ አምስቱ ልክ፣ አሥር ርቢ ስድስቱ ልክ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ አይቼ አላውቅም። እንዲህም ደንግጬ አላውቅም። ስህተት አጥቼ ሳዝን የመጀመሪያዬ ነው። አንድ እሸጉጣለሁ ብለው መሸጎጡን ረስተውት ከሆነ ምን ብዬ ልጻፍልዎ?

በዚሁ ሆዴ ፈተና ገባሁ። ጥያቄ አራት፣ ሃያ ሊትር ቀለም መቶ ስልሳ ካሬ ሜትር ቢቀባ ለአንዱ ሊትር ስንት ይደርሳል ይላል። ምርጫዎቹ ስድስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። ስምንት የለም። እጄን ሳላስበው አወጣሁ። ሻለቃ መጣ።

«ምን ፈለግሽ?»

«ጥያቄ አራት ስህተት አለበት።»

መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ አሰላ። «እና ምን ላድርግልሽ?» አለኝ።

ጠመኔ ልለው ነበር። «ምንም» አልኩት። እሱ ግን አዳራሹ መካከል ቆሞ «አራተኛው ላይ ስምንት ጨምሩበት» አለ። ሁሉም ሰው ዞሮ እኔን አየ።

ቤት ስገባ ደብዳቤዎን እንደገና ከፈትኩት። ቁጥሮቹን ስለሸመደድኳቸው ዓይኔ ከላይ ቆመ። «ለእህቴ ልጅ» ይላል። እህት የለዎትም። ስፈልግ የከረምኩትን ሳላየው በየቀኑ እያለፍኩት ነበር።

እናም አክስቴ፣ አንድ አገኘሁ። አንድ ብቻ። ግን ቁጭ ማለት አልቻልኩም። ሸጉጠውት ከሆነ በዓለም ላይ እንደ እርስዎ ያለ ተንኮለኛ የለም። ካልሸጎጡት ደግሞ ሁለት ነገር ነው የረሱት፣ አንዱ አባቴ ነው። ልጠይቅዎት አልፈልግም። እየጠየቅኩዎት ነው።

ልጅዎ ሲሶ

ሊረሳኝ ነበር፤ አልፌያለሁ። ሰኞ ቅልቅል ክፍል እገባለሁ።

---

ታህሳስ 14

ለወንድሜ ልጅ፣ ለብቸኛው ወንድሜ ልጅ፣ ለሲሶ፣

ሸጉጬው ነው።

ቁጥር ውስጥ እንደምትፈልጊ አውቄ ነው እዚያ ያስቀመጥኩት። እኔም የሽሮፑን ስህተት ቁጥሩ ላይ ነው ስፈልግ የከረምኩት፣ ከጎኑ ያለውን ቃል ሳላነብ። አባትሽ ቢኖር እህት በማግኘቱ ይስቅ ነበር። ስንቱ ልጅ እጁን ሲያወጣ አይቻለሁ፣ ስህተት አጥታ የደነገጠች ግን የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ። ያስደነገጥኩሽን ይቅር በዪኝ፤ ደብዳቤው በማግስቱ ደርሶሽ ከፈተናው በፊት ታገኚዋለሽ ብዬ ነበር። ይሄኛውን ደግሞ አልሸጎጥኩትም፣ የፖስታ ቤቱን ፍጥነት ተሳስቼ ነው። ቁጥሪልኝ።

ዶክተሩ ገና «እናያለን» እያለ ነው። እኔም ገና ቤቱን እዞራለሁ። ትናንት ግን ስዞር ስዞር ልብስ ሰፊዋ ቤት ደረስኩና ያልተማረችው አንድ ክበብ ሳልተውላት ተመለስኩ።

የኔ ቃል ብቻ እንደማይበቃሽ አውቃለሁ። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን አይበቃኝም ነበር። ስለዚህ ብዕሩን ለምስክር እሰጣለሁ።

አክስትሽ

እኔ ልብስ ሰፊዋ ነኝ። እንደምን አለሽ። እውነታቸውን ነው፣ ህዳር 29 ፖስታውን ከማሸጋቸው በፊት አንብበውልኛል። «የእህቴ ልጅ ብያታለሁ፣ ስትፈልግ ታብዳለች» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ነውር ነው አልኳቸው፣ አልሰሙኝም። መድኃኒታቸውን አምስት ነው የምቀዳላቸው፣ እኔ ራሴ፣ በመለኪያው። ፖስታው ውስጥ ያለው ጠመኔ የልብስ ጠመኔ ነው፣ ምልክት የማደርግበት፤ የሳቸው አልቋል። ይገባታል ስላሉኝ ሰጠሁ። ጥሩ ጠመኔ ነው፣ ስትመጪ ይዘሽልኝ ነይ።